ቅጠልህን ስንት ሰው አየው?

አያልነህ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ሊማሊሞ ገደል አፍ ላይ ያገኘሃት ቅጠል ዘንድሮም አብባለች አሉ፤ እኔ ቁልቁለቱን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ወርጄ አላየኋትም። ቤቱ እንደነበረ ነው፣ ጣሪያው ብቻ በጓዳ በኩል ያፈሳል። ቅጠል እየተጫንክ ታደርቅባቸው የነበሩት ሁለት ሳንቃዎች ከነጋዜጣቸው ከአልጋው ሥር ናቸው።

ትዝ ይልሃል? አንተ የዕፅዋት ተመራማሪዎቹን ገደል ለገደል መርተህ ስትመለስ፣ እርጥቡን ጋዜጣ በደረቅ መቀየር የኔ ሥራ ነበር። ፊደል የለየሁት ከዚያው ነው። ጋዜጣው ሁሉ ቁራጭ ስለነበር የአንዱንም ወሬ መጨረሻ አላውቅም። አንተ ከራስህ እየፈጠርክ ትጨርስልኝ ነበር፤ ሌባው ሁሉ በስተመጨረሻ ዳባት ላይ ይያዛል።

የቅጠሏ ነገር የተጻፈው አንተ ካረፍክ በኋላ ነው። ዘመድ የሌላት፣ ራሷን የቻለች አዲስ ወገን ናት አሉ። ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ ወጣ፣ በእንግሊዝኛ። ስምህ መጨረሻው ላይ፣ ምስጋና ከሚያቀርቡበት ዘንድ አለ። ደባርቅ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው ትዕግሥት አሳየችኝና የስምህን መልክ በዓይኔ ያዝኩት። ከርዕሱ ሥር ደግሞ ትንሽ ዓይን ተስላለች፤ አጠገቧ ጽሑፉን ስንት ሰው እንዳየው ቁጥር አለ።

እናትህ እማሆይ ይህን ከሰሙ ወዲህ "ዛሬስ ስንት ደረሰ?" ይሉኛል። ያየው ሁሉ ነፍስ ይማር የሚልልህ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በየገበያው ቀን ደባርቅ እወጣለሁ፣ ጽሑፉን አስከፍታለሁ፣ ገጹን እስከ ስምህ ድረስ ወደ ታች አወርዳለሁ፣ ቁጥሩን ይዤ እገባለሁ። ሁልጊዜ ጨምሮ ይቆየኝ ነበር።

ባለፈው ገበያ ትዕግሥት ሳቀችብኝ። "እትዬ የሺ፣ ይኸ እኮ እርስዎ በከፈቱ ቁጥር የሚጨምር ነው። ባለፈው ከሄዱ ወዲህ ማንም አልነካው!"

ከፍዬ ወጣሁና ወደ ቤት አቀናሁ። የዓለም ሕዝብ ያልኩት እኔው ነኝ። ለእማሆይ ልዋሽ አሰብኩ፤ ማን ያውቅብኛል። ግን መጨረሻ መፍጠር ያንተ ሙያ ነበር እንጂ የኔ አይደለም። ነገርኳቸው።

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። "ታዲያ አንቺ ሰው አይደለሽም?" አሉኝ።

ደክሞኛል፣ አያልነህ። አቀበቱም፣ ቁጥሩም፣ በማላውቀው ቋንቋ ላይ ማፍጠጡም ሰለቸኝ። ቢሆንም በሚመጣው ገበያ እወጣለሁ። ሌላው ቢመጣም ከላይ ከላይ አይቶ ይመለስ ይሆናል፤ እኔ እስከ መጨረሻው እወርዳለሁ። ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ አንድ ይጨመርልሃል።

የሺ