ሽማግሌዎቼን መረብ ውስጥ ለቆለፉብኝ የበር ኃላፊ

ይድረስ ለዙሪኩ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ፣ ለእንግዳ ደጋፊዎች በር የጸጥታ ኃላፊ፤ ስምዎን ስጠይቅዎ ደረትዎ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ስላሳዩኝ፣ ቁጥሩንም በንዴት ስለረሳሁት፣ በሥራዎ ብቻ ስለጠራሁዎት አይቀየሙኝ።

ክቡር ሆይ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ ደህና ነው? ወገብዎስ? ያን እሁድ ከሰዓት አንድ በር ላይ አንዴም ሳይቀመጡ ስለዋሉ እኔ ጄኔቫ ሆኜ የርስዎ ወገብ ያሳስበኛል። ጆሮዎ ላይ የተንጠለጠለችው ሽቦስ ተሠራች? እኔ ሳናግርዎት የምትሠራ ስላልመሰለኝ ነው። ቤተሰብዎን፣ ከጎንዎ የነበረውን ወጣት ጥበቃ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሩን ሰላም ይበሉልኝ።

እኔ ሱራፌል እባላለሁ፣ የጄኔቫው ቶኔ ሰፈር ልጅ ነኝ። ቶኔ መጥተው ሱራ የት ነው ቢሉ ትራሙ ራሱ ቆሞ ያሳይዎታል። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የተጎዳው ትምህርት ቤቱ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ሳህን አጥባለሁ፣ እጄ ላይ ሳህን አይቆይም፣ ሼፉን ይጠይቁ። ሆኪ ላይ ደግሞ የጄኔቫን ቡድን ከኔ በላይ የሚደግፍ ሐበሻ አለ የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት ከጀርመንኛ የማውቀው ሰላምታውን “ግሩኤትሲ”ን እና እርስዎ ያስተማሩኝን “ናይን”፣ አይሆንምን፣ ብቻ ስለሆነ ነው። ይህን የፌስቡክ ገጽ የሚያነብ ወገን ዙሪክ ውስጥ ሞልቷል፣ አንዱ ይተረጉምልዎታል።

ወደ ቅሬታዬ ሳልገባ ያን ቀን ለምን እንደመጣሁ ልንገርዎት፤ በር ላይ ልነግርዎት ስል ጊዜ አልነበረዎትም።

መቅዲ የምትባል ልጅ አለች። ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው፣ ቪንተርቱር ሆስፒታል ደግሞ የነርስ ረዳትነት ሌረዋን፣ የሥራ ላይ ሥልጠናዋን፣ እየተማረች ነው። ዙሪክ ጥምቀት ሲከበር ተዋወቅን። እኔ ላገባት እፈልጋለሁ፣ እሷም ትፈልጋለች። እኛ ጋ ግን ሁለት ሰው መፈለጉ አይበቃም፣ ሽማግሌ ይላካል። የተከበሩ ሦስት ሰዎች አባትየው ፊት ይቆሙና ልጅዎን ለልጃችን ይላሉ፣ ቃል እስኪያገኙ አይቀመጡም። የኔ አባት በሕይወት የለም፣ አጎቶቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ በያዝኳት ኤፍ ፐርሚ፣ በጊዜያዊዋ የስደተኛ ፈቃድ፣ ደግሞ አገር ቤት ደርሼ ዘመድ ይዤ ልመለስ ብል መመለሻ የለኝም። ስለዚህ ጄኔቫን አስሼ ሽማግሌ ፈለግሁ። አንዱ ጋሽ ንዋይ ናቸው፣ አስተማሪ የነበሩ፣ ከምርጫ 97 በኋላ ታስረው ሲፈቱ የተሰደዱ። ሁለተኛው ጋሽ ሀብተወልድ፣ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ሾፌር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ነገር ሲጠብቅ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩ። ሦስተኛው ጋሽ አስረስ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ያለ ከዘራ ከአልጋ የማይወርዱ። እንዲህ ዓይነት ሽማግሌ ማን አለው? ማንም።

የመቅዲ አባት ጋሽ ቢረሳው ይባላሉ። ዙሪክ ውስጥ ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፣ የዙሪክን ቡድን ደግሞ እንደ ማኅበር ነው የያዙት፣ ጨዋታ አያመልጣቸውም። በመቅዲ በኩል የላኩብኝ መልእክት ይህ ነው፦ “እሁድ ቤቴ ሰው ቢበዛ ጎረቤት ይከሰኛል፣ ደግሞም እሁድ ሆኪ አለብኝ። ወንድ ከሆነ እዚያ ያምጣቸው። ከጎኔ ያሉት ጓደኞቼ ስለማይመጡ የነሱን ቦታ እይዛለሁ፣ በእረፍት ሰዓት እሰማቸዋለሁ። ጾሙ ከገባ ግን አልሰማም፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ቀጠሮ ይዟል።” ሌላ የተባለው የቪንተርቱር ልጅ ነው፣ ባለ ሲ ፐርሚ፣ ባለ ቋሚ መኖሪያ፣ ባለ መኪና። መኪናው ግራጫ ነው፣ እሱም ራሱ ግራጫ ነው።

መቅዲ የሦስቱን ወንበሮች የመግቢያ ካርድ ይዛ በነሱ በር ልትጠብቀን ነበር። የእኔ የሱራፌል ሽማግሌዎች የዙሪክ ካርድ ይዘው፣ በዙሪክ በር? አይሆንም አልኳት። ሽማግሌዎቼን በጄኔቫ ደጋፊዎች አውቶቡስ ጭኜ፣ በእንግዳ ትኬት አስገብቼ፣ በውስጥ ዞረን ከጎናቸው ከች ልንል ነበር ሐሳቤ። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ገብቼ፣ ሚስማር ተራ ካሰኘኝ ተንጠላጥዬ እሻገር ነበር፤ ጥበቃው ቢበዛ ይሰድበኛል። ስታዲየም አንዴ ከገቡት አንድ ነው ብዬ ነው የማውቀው። እርስዎ ሌላ እንደሆነ አስተማሩኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

አንደኛ፣ ጋቢው። ጋሽ ሀብተወልድ ለሽምግልና ብለው የለበሱትን ጋቢ ሁለት ሰዎችዎ ከላያቸው ገፈው፣ ዳርና ዳር ይዘው፣ እንደ አልጋ ልብስ ዘርግተው ጽሑፍ ፈለጉበት። ያልተፈቀደ ባነር ነው ተባለ። ሽማግሌው በዚያ ብርድ በሸሚዝ ቆመው “ዚስ ኢዝ ትራዲሽናል” እያሉ ሲያስረዱ አንዱ ልጅዎ በባትሪ ጥለቱን መረመረው። ጥለቱ ላይ የጻፍነው ነገር ስላልተገኘ ለምስጋና ቃል የለኝም። ውስጡ ተቀጣጣይ ርችት ሸሽገን እንደሆነ ብለው ሲያሸቱት ግን፣ ክቡርነትዎ፣ ነፍስዎን ይማር ልል ምንም አልቀረኝ።

ሁለተኛ፣ ከዘራው። ጋሽ አስረስ ከዘራቸውን እንደ መሣሪያ ተቀምተው ቁጥር ያለባት ወረቀት ተሰጣቸው። ሜዳው ላይ ያሉት ሁሉ ዱላ ይዘው እየተደባደቡ የርሳቸው ብቻ ለምን አስፈሪ እንደሆነ እስካሁን እያሰብኩ ነው። በኔ ትከሻ ተደግፈው ገቡ። ያለ ከዘራ ሽማግሌ ምን እንደሚመስል እርስዎ አይገባዎትም፤ በርስዎ ቋንቋ ልንገርዎት፣ ያለ ሽቦ እርስዎን ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ቦታው። ከጎሉ ጀርባ፣ በመስታወትና በመረብ የታጠረ፣ ወንበር የሌለው በረት ነው። ጋሽ ንዋይ መረቡን ቀና ብለው አዩና “ሱራ፣ ይኼኛው እንኳ ሙዚቃ አለው” አሉኝ። ሳቅሁ፣ የታሰሩበትን ማለታቸው እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ወንበር ባለማስቀመጥዎ ግን አመሰግናለሁ፤ ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ አይቀመጥም ብዬዎት የለ? ባህላችንን አስከበሩልን።

ጋሽ ቢረሳው በረዶው ማዶ ፊት ለፊታችን ነበሩ። ሰማያዊ ኮፍያ አድርገዋል፣ ከጎናቸው መቅዲ፣ ከመቅዲ ቀጥሎ ሦስቱ ባዶ ወንበሮች እንደወለቀ ጥርስ ይታያሉ። ስልኬ ጮኸ።

“ሱራ፣ የታለህ? አባዬ ሰዓት እያየ ነው።”

“እያየሁሽ ነው፣ ማዶ ነኝ።”

“ማዶ የት?”

“መረቡ ውስጥ።”

“አንተ ልጅ ጤና የለህም” አለችኝ፤ ስትቆጣም ድምጿ ያምራል።

አራተኛ፣ በሩ። እዚህ ላይ እርስዎ ራስዎ ይገባሉ። በመጀመሪያው እረፍት ሽማግሌዎቼን አሰልፌ እንግዳውን ከባለቤቱ ወደሚለየው የብረት በር ሄድን። ጋሽ ሀብተወልድ በእንግሊዝኛ ሰላማዊ ተልዕኮ ላይ ነን ብለው ጀመሩ። ወጣቱ ልጅ ግራ ገብቶት እርስዎን ጠራ። መጡ፣ ሳይቆጡ ሰሙን፣ ይህን አልክድም። እኔ ልቅር፣ ሽማግሌዎቹ የቡድን ሻርፕም የለበሱ አይደሉ፣ እነሱ ብቻ ይለፉ ብዬ ለመንኩ፤ እኔ ሱራፌል ሰው ለምኜ አላውቅም። በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት ሳይ መቅዲ ሦስቱን ካርድ ይዛ ከወዲያ ደርሳ ነበር። በጀርመንኛ ነገረችዎት፣ አባቷን በጣት አሳየችዎት። እርስዎ በመካከላችን ቆመው ወደ እሷም ዞረው ናይን አሉ፣ ወደኔም ዞረው ያንኑ። የእንግዳ ትኬት የያዘ በእንግዳ ቦታ። ጋሽ አስረስ አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው “ልጄ፣ የመጣነው ለጠብ አይደለም” አሉዎት በአማርኛ። እርስዎም በጨዋ ደንብ እጃቸውን ከበሩ ላይ አንስተው፣ ጋሽ ሀብተወልድ እንደተረጎሙልን፣ “ለእናንተው ደህንነት ነው” አሉ።

ለኛ ደህንነት! እነዚህን ሦስት አዛውንት ማን ሊመታቸው ነበር? የመቅዲ አባት? ቢመቷቸውም እኮ መልስ ነው።

አምስተኛውን ቅሬታ ቁጥር ባልሰጠው ይሻለኛል። ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር መስታወቱን ተደግፌ ስቆም የደጋፊዎቻችን ከበሮ መቺ ፓትሪክ አየኝ። ታለቅሳለህ እንዴ አለኝ። ላብ ነው አልኩት። በኔ ፈረንሳይኛ ነገሩን አስረዳሁት፣ ያቺ ናት፣ ያ አባቷ ነው፣ በሩ ተዘጋብን። ፓትሪክ ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱ ከከበሮው ይበልጣል። ስሟ ማን ነው አለኝ። መቅዲ አልኩት። ዞረና ለጓደኞቹ ነገረ፣ እነሱም ለኋላዎቹ፣ ከዚያ ከበሮው ድም ድም አለ።

“መቅ-ዲ! መቅ-ዲ!”

ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ነው። አዳራሹ ያስተጋባል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ አለኝ፤ በዚያች ደቂቃ ከኔ በላይ የጮኸ የለም። እሷ ሰማች፣ አባቷ ሰሙ፣ በቃ ጥያቄዬ ደረሰ ብዬ ነው። ጋሽ ንዋይ ጃኬቴን ይዘው ጎተቱኝ፦ “አንተ! የሰው ልጅ ስም በከበሮ? አስቁማቸው!” ላስቁም ብል ማን ይሰማኛል? እጄን ሳወዛውዝ አጨብጭብ ያልኩ መሰላቸው፣ ባሰባቸው። አንዱ ቢራውን ወደ ላይ ረጨው።

ማዶ መቅዲ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። በዙሪያቸው ያለው ሰው መቅዲ ማን ናት እያለ ይሳሳቃል። ጋሽ ቢረሳው መጀመሪያ ጆሯቸውን አቀኑ፣ ከዚያ የልጃቸው ስም መሆኑን ለዩ። ተነሡ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ቀጥ ብለው ወደኛ አዩ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ወጡ። ጨዋታ አቋርጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። መቅዲ ተከተለቻቸው፣ ደረጃው ጫፍ ላይ ዞር ብላ እጇን አነሣች። ሰላምታ ይሁን ስንብት ከዚያ ርቀት አልለየሁም፣ እስካሁንም አልጠየቅኋትም፣ እፈራለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሦስት ሽማግሌ በጆሮ ሊያንሾካሹኩት የነበረውን ነገር ሦስት መቶ ሰካራም በከበሮ ተናገረው። በሩን ለትንሽ ጊዜ ገርበብ አድርገውት ቢሆን ይህ ሁሉ ድምፅ አይወጣም ነበር። እርስዎ ግን ረብሻን ለመከላከል ነው የዘጉት፤ ስለ መከላከሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አሸንፈናል አሉ። እኔ ወንበሮቹን ነበር የማየው፣ አሁን አምስት ባዶ ወንበሮች። ጨዋታው አልቆ የዙሪክ ሰው ሁሉ እስኪበተን ደግሞ መረቡ ውስጥ አቆዩን፤ ምናልባት ሮጠን ጋሽ ቢረሳውን ደርሰን ይቅርታ እንዳንጠይቅ ተጠንቅቀው ይሆናል። ሲከፈት ፖሊስ አጅቦ አውቶቡስ ውስጥ ከተተን። ጋሽ አስረስ ያችን ባለ ቁጥር ወረቀት ከፍ አድርገው “ከዘራዬ! ከዘራዬ!” ሲሉ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ፓትሪክ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ እሺ አለች ወይ አለኝ።

በሳምንቱ መቅዲ ደወለች። አባቷ ያሉትን እንዳለ ነገረችኝ፦ “ልጄን የጠየቁኝ ሦስት መቶ ሰካራሞች ናቸው፤ ለየትኛው ነው መልስ የምሰጠው?” ሽማግሌዎቹ እኮ በር ተዘግቶባቸው ነው ብላ ብትለምናቸው፣ “በር ማስከፈት ያልቻለ ልጅ ነገ ለልጄ ምን ይከፍትላታል?” ብለው ዘጉት። ጾሙ ገባ። ሽማግሌዎቼን ድጋሚ ውጡልኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ጋሽ አስረስ ከቤት መውጣት አቁመዋል፣ ሌላ ከዘራ ገዝቼ ብወስድ የኔ አይደለም ብለው መለሱልኝ።

እንግዲህ ክቡርነትዎን በነገር አደከምኩ። በርዎ የጠበቀ፣ ማጠፊያው የማይዝግ፣ ወገብዎ የማያምዎት ይሁን። ልጅ ካለዎት፣ ሊያገባ የሚፈልግበት ቀን ሲመጣ፣ በዚያኛው ወገን በር ላይ እንደርስዎ ያለ ጨዋ ሰው ይቁምለት።

በሩ ቢከፈትም ባይከፈትም አክባሪዎ፣
የቶኔው ሱራፌል፣
የጄኔቫ ቡድን ደጋፊ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ደግሞ ምን እንደሆንኩ የማላውቅ

የረሳሁት፦ ጋሽ ቢረሳው ያን ቀን ካዩትም ከሰሙትም ሰው ሁሉ ያመሰገኑት እርስዎን ብቻ ነው፤ “ሰው ማለት እሱ ነው፣ በያዘው ቃል ይጸናል” ብለዋል አሉ። ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የቪንተርቱሩ ልጅ ሽማግሌዎች በዳግማይ ትንሣኤ አድሊስቪል ይመጣሉ። የጋሽ አስረስን ከዘራ ይዘው፣ ቀደም ብለው ሄደው በሩ ላይ ይቁሙልኝ። ጋቢያቸውን ይዘርጉት፣ ያሽቱት። የትኛውንም ትኬት ቢያሳዩ ናይን ይበሉ። ለምን ካሉዎት፣ ለእናንተው ደህንነት ነው ይበሏቸው።