ኅብስቱ ገና አልተቆረሰም

ፔንስልቫኒያ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2009

ለልጄ ለኤላም፤ በዚያ በተራራው አገር ጤናህ እንዴት ሰነበተ?

ይህን የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ። አክስትህ ኬቲ እንኳን ልትጽፍልኝ አጠገቤም አልደረሰችም። የበረዶውን ወራት ሙሉ ከተማ እየወረድኩ የማታ ትምህርት ስማር ከረምኩ። አስተማሪዋ እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም ብላኛለች። ከጎኔ የሚቀመጠው ጣሪያ ሠሪ ለሁሉም እንዲሁ ነው የምትለው ይላል፤ ቅናት ነው፤ እሱ ስሙን ሲጽፍ እንኳ ላብ ያጠምቀዋል። በዚህ ዕድሜዬ መማሬ የምነግርህ ነገር በሌላ ሰው እጅ እንዳያልፍ ብዬ ነው።

ሁላችንም ደህና ነን። ግራጫዋ በቅሎ ኬቲን ረግጣት ነበር፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁለቱም እስካሁን አልተስማሙም።

ባለፈው መከር የፖም ማርማላት ሠራን። እናትህ ያንን ረጅም ማማሰያ ይዛ ከጠዋት ጀምሮ ስታማስል፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ ሳወራ ትዝ ይልሃል? “ቤኑኤል፣ ምላስህ ማማሰያ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ በስሎ ነበር” ትለኝ ነበር። ጭሱ ፊቷን ሲመታት ዓይኗን ጨፍና ትስቅ ነበር። በዚህኛው መከር እኔ አማሰልኩና አረረ። ግን በሰፈሩ እንደኔ አሳምሮ ያሳረረ የለም።

ለቀማው ላይ ዳሪል ነበር። ስሙን ስታይ ወረቀቱን እንደምትጨመድድ አውቃለሁ፤ አንብበህ ስትጨርስ ጨምድደው። በመኪናው ጋሪያችንን ገጭቶ እናትህን ካሳጣን ወዲህ በየመከሩ መጥቶ ይለቅማል፤ ብዙ አያወራም፤ ለሁለታችን እኔ አወራለሁ።

በአደጋው ማግስት ይቅር ልንለው ዳቦና ሾርባ ይዘን ቤቱ ስንሄድ አንተም አብረኸን ነበርክ። እሱ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ መብራት አላየሁም አለ። ማመካኘቱ አልነበረም፤ ሌላ ቃል ጠፍቶበት ነው። አንተ ኮፍያህን አንስተህ ወጣህ። ብዙም ሳትቆይ አገር ለቀህ ስትሄድ፣ ሰው ሁሉ ኤላም ሹፌሩን ይቅር ማለት አቃተው አለ።

እኔ አባትህ ነኝ። ልጓሙን የያዝከው አንተ እንደነበርክ፣ የጋሪውን የኋላ ፋኖስ መለኮስም ያንተ ሥራ እንደነበረ አውቃለሁ። እናትህ ቶሎ እንሂድ ብላ እንዳጣደፈችህም ሳይነግሩኝ አውቃለሁ። ያላጣደፈችን ቀን መቼ ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከጌታ እራት በፊት ያለው ጉባኤ ባለፈው እሑድ ነበር። ከሰው ሁሉ ጋር ሰላም ነህ ወይ ተብሎ እያንዳንዱ ይጠየቃል፤ አንድ ሰው አይደለሁም ካለ ኅብስቱ ሳይቆረስ ሁሉም ይጠብቃል። ተራዬ ሲደርስ ሰዉ ቀልድ ሊሰማ ፈገግ ማለት ጀምሯል።

“ሰላም የለኝም” አልኩ።

ጳጳሳችን አሞን ከሹፌሩ ጋር ነው ወይ አለኝ።

“ከዳሪል ጋርማ ድስት አብረን እናሳርራለን። ኤላም የሚባል ሰው አለ፤ ልጄን ይቅር አላለልኝም።”

መጀመሪያ የተረዱኝ ሴቶቹ ናቸው። ከእነሱ ወገን ለቅሶ ተሰማ። ወንዶቹ ወለል ወለሉን ያዩ ጀመር።

ከጸሎት በኋላ አሞን በረቱ ዘንድ ይዞኝ፣ ጉባኤውን ሁሉ በአንድ ልጅ ታስረዋለህ ወይ ብሎ ተቆጣ። አሮጊቷ ባርባራ በምርኩዟ እያዘገመች ስታልፍ ሰምታው ኖሮ፣ “አሞን፣ ተወው እባክህ። ያልተጋገረ ዳቦ አይሻግትም” አለችው።

ስለዚህ ኅብስቱ አልተቆረሰም። በሜይ የመጀመሪያው እሑድ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቁኛል። እንደምታውቀው እቀልዳለሁ እንጂ አልዋሽም፤ የምመልሰው አንተ ዘንድ ነው ያለው። ብትመጣ ደስታዬ ነው። መምጣቱ ቢከብድህ ሁለት መስመር ጻፍልኝ፤ አሁን ማንም ሳያነብልኝ አነባለሁ።

አልቆጣህም፣ አልለምንህም። አንድ ነገር ብቻ፦ ለዚያ ልጅ እዘንለት። እናቱን ይወዳት ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት።

እናትህን የተቀበለ ጌታ ሥራህን ይባርክልህ፤ እንቅልፍም ይስጥህ።

አባትህ
ቤኑኤል ዙክ