ጤና በማን እጅ እንዳለ ሲጠይቁ ለኖሩት ባልደረባችን

የሆስፒታሉ የአጥንት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕክምና ክፍል፣ ለሃያ ሁለት ዓመታት በፊዚዮቴራፒ ባለሙያነት ያገለገሉት ባልደረባችን ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለሠራተኞችና ለታካሚዎች በከባድ ሐዘን ያሳውቃል። ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። የተሰማን ሐዘን ብቻ አይደለም። ሌላው እንዴት እንደሚባል አናውቅም። እንሞክራለን።

በኮሪደሩ ባለፉ ቁጥር ታካሚውን ሁሉ «ቀና በሉ!» ስለሚሉ «እትዬ ቀና» የሚል ስም ወጥቶላቸው ነበር።

በዘጠነኛው የአገልግሎት ዓመታቸው አንድ መጠይቅ አዘጋጁ። ሃያ አራት ዓረፍተ ነገሮች። ጀርባው፣ ጉልበቱ፣ ትከሻው የሚያመው ሰው ጤናው በማን እጅ እንዳለ ያምናል? በራሱ፣ በሐኪሙ ወይስ በዕድሉ? ዓላማው ባለሙያው ታካሚውን እንዴት ማነጋገር እንዳለበት ማወቅ ነበር። ማንበብ ለማይችሉት አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ራሳቸው ያነቡላቸዋል፤ መልሱንም ከአፋቸው እንደወጣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይጽፉታል። አንድ ጆንያ ተሸካሚ፦ «በእጄ ቢሆንማ እዚህ ምን ያመጣኛል? እጄ ራሱ አልታዘዝ ብሎኝ እኮ ነው፣ እትዬ።» አንዲት ልብስ ሰፊ፦ «አለቃዬስ የት ገባ? ስለ እሱ የሚጠይቅ መስመር የለም እንዴ?»

በዚያው ዓመት ስለ ሥራ የሚጠይቁ ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ጨመሩ።

በአሥራ አምስተኛው ዓመት ክፍላችን መጠይቁን ወደ ካርድ መስኮት ወሰደው። ወረፋ በዝቶብን ነበር። «ጤናዬ በእጄ ነው» ያለ ታካሚ የእንቅስቃሴ ሥዕሎች ያሉበት ወረቀት ተሰጥቶት ለሦስት ወር ወደ ቤቱ ይሄዳል። «በዕድሌ ነው» ያለ፣ እንቅስቃሴ ቢታዘዝለትም አይሠራውም ተብሎ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይገባል። ስድስቱን ዓረፍተ ነገሮች፣ ገጹ እንዳይበዛ፣ አወጣናቸው። ባልደረባችን ሦስት ደብዳቤ ጻፉ። መጠይቁ ሰውን ለመረዳት እንጂ ለመደርደር አልተሠራም፤ የሰው እምነት ምርመራን አይተካም አሉ። ለመጀመሪያው ምስጋና ጽፈንላቸዋል። ሁለቱ ፋይል ውስጥ ናቸው።

ባለፈው ዓመት ጀርባቸውን አመማቸው። እንደማንኛውም ሰው መስኮቱ ላይ ቆመው መጠይቁን ሞሉ። ሳይዋሹ። «በእጄ ነው» በሚለው ያገኙት ነጥብ በመዝገባችን ከታየው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። የካርድ ሠራተኛዋ ወረቀቱን ስትሰጣቸው ሳቁ፤ ሥዕሎቹን የሣሉት እሳቸው ነበሩ። «የራሴን ሥዕል ለእኔው? በይ እሺ፣ ልሥራዋ።» እኛም ሳቅን። ሠሩትም፤ በየቀኑ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት እግራቸው አልነሣ ሲላቸው ራጅ ተነሡ። አከርካሪያቸው ላይ ዕጢ ነበር። ቀደም ብሎ ቢታይ ይድኑ ነበር? እርስ በርስ እንጠያየቃለን። 

ለሁለት ልጆቻቸው፣ ላስታመሟቸው ታላቅ እህታቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ይህን የሚመኝላቸው ይኸው ክፍል መሆኑ እንደሚከብዳቸው እናውቃለን። ለቅሶ ስንደርስ እህታቸው አንድ ነገር ጠየቁን፦ «ያ መጠይቅ አሁንም መስኮቱ ላይ ነው?» ነው አልናቸው። «ታዲያ ምን ልትሉኝ መጣችሁ?»

ዛሬ ከቀትር ጀምሮ መጠይቁ ከመስኮቱ ተነሥቷል። ከዚያ በፊት፣ በዛሬው ጠዋት ብቻ፣ አርባ አንድ ሰው ሞልቶታል። ወረቀት ይዛችሁ ወደ ቤት የተመለሳችሁ ሁሉ፣ ሕመሙ ካልለቀቃችሁ ቀጠሮውን አትጠብቁ። ኑ።