የሀይፋ ሰርግ አልጠፋም

አዩብ፣
የእህትህ የሰርግ ቪዲዮ አልጠፋም። ኮምፒውተሩ ላይ «ሰርግ» የሚለውን ፎልደር ክፈት፤ ሁሉም አለ።

ለአጎቴ ለቅሶ አስኮ ሦስት ቀን ስቆይ መብራት ሄዶ መጣ፤ አንተም ፎልደሩን ባዶ አገኘኸው። ስመለስ «እግዜር ያጥናህ» እንኳ ሳትለኝ፣ በሀይፋ ፊት «ስምንተኛ ላይ ያቋረጠ ሰው የኮምፒውተር ሲስተም፣ ሊኑክስ ሲነካ ይኸው ነው» አልክ። ላስረዳህ ስል «ተወው በቃ!»

ቪዲዮው ያለው ትልቁ ዲስክ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ዲስኩ ከፎልደሩ ጋር እንደገና ካልተያያዘ ፎልደሩ ባዶ ይመስላል። አብረን በኖርንበት ሁለት ዓመት ሙሉ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር፣ አንተ ኮምፒውተሩ ፊት ከመቀመጥህ በፊት፣ በእጄ የማያይዘው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም።

አሁን ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያነበው ኤፍስታብ የሚባል ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጽፌያለሁ፤ ከዚህ በኋላ በራሱ ይያያዛል። መስመሩን እንዳትነካው። ዲስኩ ቢነቀል እንኳ ኮምፒውተሩ መነሳት እንዳያቅተው አድርጌዋለሁ።

ይህችን መስመር ካወቅኋት ቆይቻለሁ።
ያልጻፍኳት እዚህ ቤት ለአንድ ነገር እንኳ እንድፈለግ ብዬ ነው።
እሱ የእኔ ጥፋት ነው።

እንዳላጠፋሁት ለሀይፋ ንገራት። እኔን ምንም አትበለኝ።
ቁልፌን ለአከራያችን ሰጥቻለሁ፤ ዛሬ ቤቱን ለቅቄ እወጣለሁ።

ይህን እየጻፍኩ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩን አስነሳሁት፤ ፎልደሩ በራሱ ሞላ።
እጄን አጣጥፌ አየሁት።

ሰብስቤ