የተገኙ ሰዎች ስም ዝርዝር

ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጾሙ እንዴት ነበር? ኢዱስ? አንተ፣ ባለቤትህ፣ ልጆችህ እንደምን ናችሁ? ትንሿን ሳሉ ለቀቃት ወይ? እኛ አላህ የተመሰገነ ይሁን አለን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትሰግዳለች፣ ትቆጣለች። ከጃካርታ የላክኸው ቅርጫት ደርሷል። ብስኩቱን ለተከራይ ተማሪዎች አደልኩት፤ እኛ ቤት ብስኩት የሚበላ የለም፣ ረስተኸው ይሆናል።

ለኢድ አልመጣህም። ሥራ በዛብኝ አልክ፤ አምናም በዝቶብህ ነበር። እኔ ሥራ የፈታሁት እህትህ ግን ጊዜ ስላለኝ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ገና "ሃሎ" ሳልል "ቆይ እህቴ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ" ትለኛለህ።

ሰፈሩ ያው ነው ብዬ ብጀምርልህ ደስ ባለኝ። ከዩኒቨርሲቲው አጥር እስከ ቾዴ ወንዝ ቁልቁል ፎቶ ኮፒ ቤቱ እንደተደረደረ ነው፤ በየደጃፉ "የሚከራይ ክፍል አለ" የሚል ተለጥፏል። ተማሪዎቹ ይመጣሉ፣ ይመረቃሉ፣ ይሄዳሉ። እኛ ልብሳቸውን አጥበን፣ ሩዛቸውን ቀቅለን፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ጠርዘን እንሸኛቸዋለን። ከዚህ ቀጭን መንገድ ተነስቶ የዩኒቨርሲቲውን በር በተማሪነት የረገጠ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ። በሕግ ስትመረቅ ሳንጠራው መጥቶ የፈጨ፣ የከተፈ፣ ጭስ ዓይኑን ያጠፋው ጎረቤት ስንት እንደነበር ታውቃለህ። በየቤቱ "ልጃችን ጠበቃ ሆነልን" ተብሎ ነበር። ሆንክልን!

የጉድጓዳችን ውሃ ከሄደ ስምንት ወሩ ነው። ባልዲውን ስለቀው ታች ድንጋዩን ይመታል። መጀመሪያ የኛ ደረቀ፣ ቀጥሎ የእትዬ ሱፓርቲ፣ ከዚያ እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ሁሉ። ከጎናችን የቆመው ባለ ዘጠኝ ፎቁ ሆቴል ግን ውሃውን ከሥራችን ይስባል፤ ጣሪያው ላይ መዋኛ አለው አሉ። ሁለቱን የልብስ ማጠቢያ ማሽኖቼን በላስቲክ ሸፍኛቸዋለሁ። ተማሪዎቹም ልብሳቸውን ዋናው መንገድ ላይ ላሉት መስጠት ጀምረዋል። ምን ያድርጉ፣ ቆሻሻ ለብሰው አይማሩ!

ያን እሁድ ጠዋት መቼም አልረሳኸውም። የሆቴሉ ግንባታ ሊጀመር ሲል፣ ባለ ጌጥ የባቲክ ሸሚዝ ከለበሱ ሁለት የሆቴሉ ሰዎች ጋር መጣህ። እኛው ግቢ ምንጣፍ አስነጠፍክ። ለያንዳንዱ ሰው ሩዝ፣ ዶሮና እንቁላል ያለበት ካርቶን ታደለ። "ትውውቅ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም" አልክ። ቀልድህን ስታወርደው አባባ ዊርዮ እንኳ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱ ዞረ። "ስማችሁንና ፊርማችሁን፤ የተገኘውን ሰው ለመመዝገብ ነው።" የላዩ ገጽም "የተገኙ ሰዎች ስም ዝርዝር" ነበር የሚለው።

ሃያ ሦስት ቤት ፈረመ። እያንዳንዱን ገጽ ገልብጦ ያየ አልነበረም። በእኛ ሰፈር የጎረቤት ልጅ ያመጣውን ወረቀት አገላብጦ ማንበብ "ሌባ ነህ" እንደማለት ነው፤ ያውም ምግቡን በልቶ! አባባ ዊርዮ አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ሳታነቡ አትፈርሙ እያሉ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው ሊያወጡ ሲሉ አይተውህ መልሰው ከተቱት። ይሉኝታ ያዛቸው። አንተም የምትተማመነው በዚሁ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ አንተ ደግሞ እያሳሳቅክ ውሃችንን ወሰድክ።

አቤቱታ ይዘን ቀበሌ ስንሄድ ጸሐፊው አንድ ፋይል አውጥቶ ዘረጋልን። "በግንባታው የተስማሙ ነዋሪዎች" ይላል የመጀመሪያው ገጽ። ከሥሩ የእኛው ፊርማ ተደርድሯል። እትዬ ሱፓርቲ "እኔ ለዶሮ ነው የፈረምኩት!" ብላ ጮኸች። ጸሐፊው ሳቀ። እኛ አልሳቅንም።

እማዬ በየማለዳው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ "ያን ወረቀት ያመጣብን ሰው፣ በሄደበት ሁሉ ውሃ ይጥፋበት!" ትል ነበር። ጎረቤቱ ሲሰማ አንገቱን ይደፋል። አንድ ሰው እንኳ "ማን መሰለሽ" ብሏት አያውቅም። ያን ዕለት አሟት ውስጥ ተኝታ ነበርና ወረቀቱን ያዞሩት እንግዶቹ ናቸው ብላ ታስባለች ብለን ሁላችንም ደበቅናት። እትዬ ሱፓርቲ ምላሷ እንደሚፋጅ ታውቃለህ። እኔን "እንዴት አደርሽ ባለ ሆቴል፣ አንሶላው አልመጣልሽም?" እያለች ትወጋኛለች። ለእማዬ ግን ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክማ ታመጣላታለች። እርግማኑን ስትሰማም ምን ታድርግ፣ "አሚን እማማ" ብላ ትሄዳለች። እንግዲህ ይኼ ሁሉ አሚን የተባለብህ አንተ ነህ።

የምረቃ ፎቶህን እማዬ ከሳሎኑ ግድግዳ አውርዳዋለች። ግድግዳው ረጠበ አለችኝ። ዝናብ ጠብ ካላለ አራት ወር ሆኖት ነበር።

አሁን የማልደብቅህን ልንገርህ። በኢድ ጠዋት እንደ ልማዳችን ከቤት ቤት እየዞርኩ የሽማግሌዎችን ጉልበት ሳምኩ። ቃሉን ታውቀዋለህ፤ "በግልጽም በስውርም ላጠፋሁት ይቅር በሉኝ" ይባላል፣ "እኛንም" ብለው ይመልሳሉ። ጥፋቱን በስሙ የሚጠራ የለም፤ እስከ ምሳ ሰዓት ሁሉም ንጹሕ ይሆናል። አባባ ዊርዮ ጉልበት ሥር ስደርስ ግን አፌን መግታት አቃተኝ። ያን እሁድ ወጥ ቤት ገብተህ ስቴፕለር ስትጠይቀኝ ያቀበልኩህ እኔ ነኝ። የላዩን ገጽ ነቅለህ ሌላ ስታያይዝ አይቻለሁ። "ምንድን ነው እሱ?" ብልህ "የቢሮ ሥርዓት ነው፤ አንቺ ስለ አንሶላው አስቢ፣ የሆቴሉን አንሶላ የምታጥቢው አንቺ ነሽ" አልከኝ። እኔም ስለ አንሶላው አሰብኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ስንት እንደሚሆን በልቤ አሰላሁ! ይኼን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

አባባ ዊርዮ እጃቸውን ከራሴ ላይ አነሱ። "ምን አስቸኮለሽ ልጄ?" አሉኝ። "እኔ እኮ ይኼን ሁሉ ጊዜ የማላውቅ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ወንድምሽ አንድ ኢድ መጥቶ ጉልበቴን ይስማል፣ እኔም እንደማያውቅ ሰው እመርቀዋለሁ ብዬ። አሁን ነገርሽኝ። የተነገረኝን እንዴት አድርጌ አላውቅም ልበል?"

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ለፍርድ ቤት አዲስ አቤቱታ ተጻፈ፤ የእኔ ምስክርነት ዋናው ሆነ። ፈራሚው ሁሉ ባለበት ይነበብ ተባለና እኛው ግቢ ተሰበሰብን። እማዬ ትቅር ብዬ ለመንኳቸው። እሷ ግን ወንበሯን ይዛ ወጥታ መካከል ተቀመጠች። አባባ ዊርዮ መነጽራቸውን አድርገው ቃል በቃል አነበቡ። ወደ ስምህ ሲቃረቡ እትዬ ሱፓርቲ "አባባ፣ እዚች ላይ እንኳ ቀስ ቢሉ ምናለ" አለቻቸው። እማዬ ቀና አለች። "ጮክ አድርገው ያንብቡት፤ ጆሮዬ ደክሟል" አለች።

ስምህን ከነአባትህ፣ ከነማዕረግህ አነበቡት። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ትጮሃለች፣ ትወድቃለች ብዬ ጠበቅሁ። እማዬ ይደገምልኝ አላለችም። ማን ነው ብላም አልጠየቀች። "ቀለሙን አቅርቡልኝ" አለችና አውራ ጣቷን ነክራ ከሁላችንም በፊት አተመች። ጎረቤቱ እርስ በርሱ ተያየ።

መጥሪያው በዚህ ወር ውስጥ ይደርስሃል። በእኔ እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ ተቆጣ። እኔ ይቅርታ የምጠይቀው ስለ መሰከርኩ አይደለም፣ ያን ቀን ዝም ስላልኩ ነው፤ እሱንም የምጠይቀው እነሱን እንጂ አንተን አይደለም። አንተም ከመጣህ በፊት ለፊት ና። ሃያ ሦስት ደጃፍ ነው፤ በየደጃፉ ጥፋትህን በስሙ ጥራው። ያማል፣ አይቼዋለሁ፤ ግን አይገድልም።

ለእማዬ እየጻፍኩልህ መሆኑን ነግሬያት፣ ምን ልበልልሽ ብላት "በፊት ለፊት አይምጣ፣ ሰው ያየዋል። በወንዙ በኩል ይግባ በይው" አለችኝ። ይኸውልህ፣ ያለችውን ሳላጎድል ጻፍኩልህ። በወንዙ በኩል ያለውን የጓሮ በር ቁልፍ የምትይዘው እሷ ናት፤ ካተመችበት ቀን ጀምሮ በሩን ቆልፋው አታውቅም።

አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ። በዓይናቸው ሲያዩህ ቀና ብለህ የምታያቸው ያድርግህ።

የእናትህ ልጅ