የአባዬ የተጣመመ ኮሌታ

ይድረስ ለናፈቅከኝ ወንድሜ፦

እንዴት ነህ ሆዴ? ያ ብርድ ሲነካው የሚንቋቋው ጉልበትህስ ተሻለው? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም።

ያንን የአባዬን አሮጌ ፎቶ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በኮምፒዩተር ቀለም አስቀብተህ የላክኸው ደርሶናል። ደስ እንዲልህ ብዬ አልዋሽህም። እማዬ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችውና «ይሄ ከንፈሩን የተቀባ ሰውዬ ማነው?» አለች። ሳቅን። ወዲያው ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዓይኗ ከባሰባት ወዲህ ቀለም ሁሉ ጭጋግ ሆኖባታል፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚለይላት፤ ሐኪሙም ከዚህ አይመለስም ብሎናል። የድሮዋ ፎቶ ደግሞ የክብሪት ቀፎ ነው የምታክለው። «ፊቱ ሳይጠፋብኝ አንዴ ባየው» አለችኝ።

እኔን ታውቀኛለህ፣ በጥቁርና ነጭ ነገር አያስችለኝም። ልጆች ሆነን ባለቀለም እርሳስ ሲገዛልን ጥቁሩን ነጥቄህ ሌላውን ሁሉ እተውልህ አልነበር? ከሰል ብለህ ያወጣህልኝ ስም ይኸው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ፎቶ ቤት የቆየሁትም ደመወዙ አስጎምጅቶኝ አይደለም፤ ባዶው ወረቀት የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ተኝቶ ቀስ እያለ ቅንድብ ሲያበቅል ለማየት ነው።

የአባዬን ኔጌቲቭ ከብስኩት ቆርቆሮዬ አወጣሁና አለቃዬን ለመንኩት። «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዘመን ጥቁርና ነጭ ማን ይፈልጋል?» አለኝ። «እናቴ» አልኩት። ፎቶ የምናጥብበትን የጨለማ ክፍል ቁልፍ ሰጠኝ። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ፤ አንዱ ገረጣ፣ አንዱ ጠቆረ፣ ሦስተኛውን በችኮላ ከውሃው ስጎትተው ቀደድኩት። አራተኛው ትራስ አክሎ ወጣ፤ ጥቁሩ ጥላሸት፣ ነጩ ወተት።

መስኮቱ ጋ ያዝኩላት። ዓይኗን አጥብባ ተጠጋችው። አልለየችውም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ላስቀምጠው ስል ጣቷን አንገቱ ላይ አሳረፈችና «ኮሌታው ዛሬም እንደተጣመመ ነው፤ ስንቴ ልንገረው?» አለች። ለቅሶዬን ተወው። አሁንማ ጠዋት ጠዋት ትቆጣዋለች።

በማግስቱ ደግሞ «የልጄንስ ፊት እንዲህ አታሳዪኝም?» አለች። ስለዚህ ወንድምዓለም፣ ጥቁር ኮት ልበስና ነጭ ግድግዳ ፊት ቁም፤ ያንሱህና ላክልኝ፣ እዚህ አሳድገዋለሁ። ቀለም የሚባል እንዳይነካው። ሽበትህንም አትደብቅ፤ ነጭ አይደል? ይታያታል።

ባለቤትህን በሁለቱም ጉንጮቿ፣ ልጆቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ። ካንተ ቀድሞ የተመለጠው ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። ልጄ «አጎቴ ሲመጣ እኔ ነኝ የማነሳው» ትላለች። እማዬ ደግሞ እንዳትረሺ ብላ ሦስቴ አስደግማኛለች፦ ኮሌታህን እንዳታስተካክል።

እህትህ ከሰል
ከእማዬ መስኮት አጠገብ፣ ኅዳር 17 ቀን