ጥቁር ስክሪንና የጋሽ ሸምሱ ስም

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

የምገጥመው ኮምፒውተር አሁንም ጥቁር ነው። ፋኑ ይዞራል፣ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች፣ ስክሪኑ ግን ምንም። ራሙን ነቅዬ በላጲስ ጠረግሁት፣ መልሼ ሰካሁት። ጥቁር። ሞኒተሩን በቤታችን ቴሌቪዥን ቀየርኩት። ጥቁር። መሀል ላይ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ሁለቱንም ጊዜ ተመስገን አልኩ። መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

ደብተሬ፣ ይህን ጣጣ እንዴት እንደገባሁበት ልጻፍልህና ይውጣልኝ። የባለቤቴ የጫልቱ ታላቅ እህት፣ አዴ ድርቤ፣ ጉቴ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ልትከፍት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መ/ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ደብዳቤ ስትተይብ ኖራለች። አሁን የራሷ በር ሊኖራት ነው። ግድግዳውን ራሷ ቀብታዋለች። ቅዳሜ ይከፈታል ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች። ጫልቱ የተገጠመ ይገዛ ብትል እኔ ዘለልኩ። ኮሌጅ የኮምፒውተር ጥገና የማስተምር ሰው እያለሁ? ማንም አላስገደደኝም። እኔው ነኝ።

ዕቃውን በሙሉ የገዛሁት እዚሁ ነቀምቴ፣ ከገበያው በላይ ካለው ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነው። ጋሽ ሸምሱ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ የሸበቱ ሰው ናቸው። ኦሮምኛቸው ከኔ ይጠራል።

ሁሉ ነገር የሚሰካበት ማዘርቦርድ ሞቷል። ሌላ ምክንያት የለም። ነገ እመልሰዋለሁ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፤ ምሳ ሰዓት

ቀየሩልኝ። ግን ደስ አላለኝም።

ጋሽ ሸምሱ ቦርዱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው አገላብጠው አዩት። እዚህ ይቆይና ልሞክረው፣ ከሰዓት ና አሉኝ። ጊዜ የለኝም አልኩ። እንግዲያው ኬዙን እንዳለ አምጣውና አብረን እንየው አሉ። አብረን! ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩትን ነገር አብረን ልናይ። ቦርድ ሲሞት አውቃለሁ አልኳቸው። ከዚያ አዲስ ካርቶን አውርደው ሰጡኝ።

«አንተ ካልክ እሺ፣ መምህር።»

«ካልክ» የምትለዋን ቃል እስከ ኮሌጁ በር ድረስ እያላመጥኩ ሄድኩ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 5፤ 11 ሰዓት ተኩል

ጥቁር።

አዲሱም ጥቁር። ደብተሬ፣ ካቻቢቴውን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ልስኑ ተቦደሰ። ጫልቱ መጥታ አየችኝ፣ የተቦደሰውን አየች፣ ፍርፋሪውን ጠርጋ ወጣች። ከንግግር ይብሳል።

ሁሉን አይቻለሁ። ፕሮሰሰሩን አውጥቼ እግሮቹን በአጉሊ መነጽር አየሁ፤ አንድም የተጣመመ የለም። ከላቦራቶሪ ሌላ ራም ተዋስኩ። ገመዶቹን እንኳ በሥርዓት ነው ያሰርኳቸው። የማያስፈልጉትን ሰብስቤ፣ ከኬዙ ጀርባ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍሬ፣ ለተማሪ እንደማሳየው አድርጌ። ታዲያ ምን ቀረ? የሸጡልኝ ዕቃ ነው የቀረው።

ጋሽ ሸምሱ ትናንት ከሰዓት ደውለው ነበር። ክፍል ነበርኩ። መልሼ አልደወልኩም። ቦርዱ እንዴት ሆነ ሊሉኝ ይሆናል። ነገ በአካል እነግራቸዋለሁ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 6፤ 8 ሰዓት

ነገርኳቸው።

ሱቁ ሙሉ ነበር። ከአኖ የመጡ ሁለት ደንበኞች፣ ቻርጀር የምትመርጥ ሴት፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያስተማርኩት ልጅ፣ ዛሬ የራሱ የጥገና ቤት ያለው። ባንኮኒው ላይ የቦርዱን ካርቶን ወርውሬ ጮህኩ። የሞተ ዕቃ እያወቅክ ነው የምትሸጠው አልኳቸው። «አንተ» ነው ያልኳቸው። ከስንት ዓመት ጀምሮ እርስዎ የምላቸውን ሰው።

ጋሽ ሸምሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በኦሮምኛ፣ ና ውስጥ እንቀመጥ፣ ሻይ ላስመጣ አሉኝ። የሚደበቅ ነገር ከሌለ እዚሁ ተናገር አልኩ። ተማሪዬን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ካርቶኑን መልሼ አንስቼ ወጣሁ።

ከዚያ በመምህራኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ፦ ከገበያው በላይ ካለው ከሸምሱ ሱቅ ማንም ዕቃ እንዳይገዛ፤ ሁለት የሞተ ማዘርቦርድ ሸጦልኛል፤ ልምድ ካለው ባለሙያ የተሰጠ ማሳሰቢያ። ወዲያው አውራ ጣት በአውራ ጣት ሆነ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

ጋሽ ሸምሱ ከዚያ በኋላ ሁለቴ ደወሉ። አላነሳሁም። አሁን ልመና መጣ አልኩ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፤ ጉቴ፤ 9 ሰዓት

እዚህ የምጽፈው አዴ ድርቤ ውጪ ስለሆነች ነው። ቶሎ ልጻፍ።

ቤቱ ዛሬ ተከፈተ። ቦርዱን መልሼ ገጥሜ፣ ጥፋቱ የነጋዴው ነው ብዬ፣ ኮምፒውተሩን እንደሞተ ይዤው መጣሁ፤ አምጣው፣ ቢያንስ ጠረጴዛው ባዶ አይሁን ስላለችኝ። አዲስ ሻሽ አሥራለች። ሰው መጣ። አንድ ሽማግሌ የመሬት ማመልከቻ ሊያስተይቡ ገቡ፣ «አካም ቡልታን» ብለው ሰላምታ ተለዋወጡ። ኮምፒውተሩ ነገ ይሠራል አለቻቸውና በእጇ ጻፈችላቸው። ቀጥ ያለ፣ የታተመ የሚመስል ጽሕፈት። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ግድግዳ አያለሁ።

ሰው ቀለል ሲል ኬዙን ከፍታ አቧራውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። አትንኪው ልላት ነበር። ከጀርባ ያሰርኳቸውን ገመዶች ጎትታ አወጣች። ከመሀላቸው አራት ቀዳዳ ያላትን ትንሽ ነጭ ሶኬት በጣቷ ያዘች።

«ኩን ሆ? ይቺስ፣ ግርማ? ይቺ የምትገባበት የላትም?»

ደብተሬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

የፕሮሰሰሩ የኃይል ገመድ ናት። ያለ እርሷ ፋን ይዞራል፣ መብራት ይበራል፣ ስክሪን ግን መቼም አይበራም። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስላታለሁ። ፈተና ላይ አወጣታለሁ። ያልሰኳት ተማሪዎች ላይ አላግጣለሁ። እኔ ራሴ ከማያስፈልጉት ጋር ጠፍሬ አስሬያታለሁ። ስድስት ቀን!

ምን አልኳት? ትርፍ ናት አልኩ። ሻይ ጠማኝ አልኳት። ሻይ ልታመጣ ስትወጣ ማሰሪያውን ቆርጬ ሰካኋት። ጠቅ አለች። አበራሁት። ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

አዴ ድርቤ ሁለት ብርጭቆ ይዛ ገባች፣ አየች፣ ብርጭቆዎቹን አስቀምጣ እልል አለች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ምን ነበር ችግሩ ሲሉኝ ኃይሉን አስተካከልኩት አልኩ። ውሸት አይደለም እኮ፣ አይደል? ያ ሌባ ነጋዴ ያበላሸውን ወንድሜ አቃናው እያለች ከቤት ቤት እየዞረች ነው። ድምፅዋ እስከዚህ ይሰማኛል።


ሰኞ፣ ጥቅምት 10፤ 5 ሰዓት

ክፍል። ትምህርቱ፦ ገጠማ። ቦርዱን ሳልኩ፣ ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ስደርስ ጠመኔው ቆመ። አንዷ ተማሪ መምህር፣ አራት ቀዳዳዋን ረሱ አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሁለተኛው ቦርድ ደህና ነበር። እንግዲያው የመጀመሪያውም ደህና ነበር። ይህን ሐሳብ ከቅዳሜ ጀምሮ ስሸሸው ነበር።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ 3 ሰዓት

ሄድኩ። ሱቅ ሲከፍቱ ደረስኩ፣ ሰው ሳይመጣ። ሆን ብዬ ነው፣ አንተን አልዋሽህም።

ጋሽ ሸምሱ የብረቱን በር ወደ ላይ እየገፉ ነበር። አብሬያቸው ገፋሁ። እዚያው ቆሜ ሁሉን ነገርኳቸው። ገመዷን፣ ማሰሪያውን፣ ትርፍ ናት ማለቴን። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«አውቃለሁ» አሉ። «የመጀመሪያውን ያመጣህ ዕለት ከሰዓት ሞከርኩት። ወዲያው ሠራ። ያኔ ነው የደወልኩልህ።»

«እኔ ደግሞ...»

«አላነሳህም። ሐሙስም ሁለቴ ደወልኩ። በስልክ ብነግርህ ይሻላል ብዬ ነው፤ ሰው አይሰማም።»

ስጮህባቸው ለምን እዚያው አልተናገሩም አልኳቸው። የመጀመሪያው ቦርድ ከኋላቸው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ተማሪህ አጠገብህ ቆሞ ምን ብዬ?»

ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው አቆሙኝ። ተወው፣ ሰው ይሳሳታል አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ እያፈሩ፣ እሳቸው እያፈሩ! ያቺ የጻፍካት ነገር ልትጠፋ ትችላለች ወይ አሉኝ። ፊታቸው አጠፋኋት። አለቀ። ቀለለኝ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ 7 ሰዓት

አላለቀም።

መምህራን ክፍል ውስጥ የሒሳቡ መምህር ታደሰ አጠገቤ ተቀመጠ። ያ ጽሑፍህ አኖ ድረስ ሄዷል አለኝ፤ እዚያ ያሉ ጓደኞቹ አይተውት ከሸምሱ ሊገዙ የነበረውን ትተዋል። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ለምን አጠፋኸው? አስፈራራህ እንዴ ሰውዬው?

ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ፈገግ አልኩ። አዎም አይደለምም ሳልል ፈገግ አልኩ። እርሱም ገብቶኛል ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አሁን ጋሽ ሸምሱ የሞተ ዕቃ የሚሸጡ ብቻ አይደሉም፣ ሰው የሚያስፈራሩም ሆነዋል። ይህን ያደረግሁት አፌን ሳልከፍት ነው።

ራሴን ጠላሁት። ምሳ አልበላሁም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14፤ 11 ሰዓት

ከክፍል በኋላ በሚኒባስ ጉቴ ሄጄ ለአዴ ድርቤ ነገርኳት። እየተየበች ነበር። ጣቶቿ ቆሙ። እኔን ሳይሆን ስክሪኑን እያየች አዳመጠችኝ።

የምትቆጣው ስለ ዋሸኋት መሰለኝ። አይደለም። በኔ አፍ ሰው ሌባ አስባልክ እኮ አለች፤ ያላየሁትን ሰው፣ በየቤቱ እየዞርኩ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በመዶሻ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አጥፍቼዋለሁ እኮ፣ ይቅርታም ጠይቄያለሁ አልኳት።

«መ/ቤት የተሳሳተ ደብዳቤ ሲወጣ ቀደን ብቻ አንጥልም ነበር፣ ግርማ። እርምት እንጽፋለን። ግልባጭ ለደረሰው ሁሉ።»

ከዚያ ሻሿን አጥብቃ ወጣች። መጀመሪያ ቀኝ ጎረቤቷ ጋ፣ ቀጥሎ ግራዋ ጋ። እያንዳንዷን ጎረቤት በስሟ እየጠራች ተሳስቻለሁ ስትል በመስኮት ሰማኋት። አልተከተልኳትም። ተመልሳ ስትመጣ ነገ ነቀምቴ እመጣለሁ፣ ሰውዬውን ታሳየኛለህ አለች። ልመና አልነበረም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፤ 2 ሰዓት ተኩል

ጻፍኩት። አራት ጊዜ አጠፋሁ፤ በየጊዜው «ምናልባት» እና «በተፈጠረ አለመግባባት» እየገቡ አስቸገሩኝ። የላክሁት ይህ ነው፦

ስለ ጋሽ ሸምሱ የጻፍኩት ውሸት ነው። ሁለቱም ማዘርቦርዶች ደህና ነበሩ። የፕሮሰሰሩን የኃይል ገመድ ሳልሰካ የረሳሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስፈራራኝም። ያስተላለፋችሁ ሁሉ ይህንንም አስተላልፉ። ግርማ።

ለታደሰ ለብቻው ላክሁለት፣ ለአኖዎቹ እንዲያደርስ። ስልኩ መንጫጫት ጀምሯል። የመጀመሪያው ሳቅ ነው፣ ሁለተኛውም ሳቅ። ገልብጬ አስቀመጥኩት። ተማሪዎቼ ጋ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ይድረስ።

ጫልቱ ቁርስ ይዛ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ትናንት ማታ ሁሉን ነግሬያታለሁ። አብሬህ ልሂድ ወይ አለችኝ። እህትሽ ትበቃኛለች አልኳት። ይህ ጣጣ ከጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጢም ይላል። ማክሰኞ ባዶ ሱቅ ውስጥ ተናግሬያለሁ፣ ያ ቀላሉ ነበር። ዛሬ ሰው እስኪሞላ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ገብቼ፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ያን ሐሙስ በጮህኩበት ድምፅ፣ እውነቱን...

ባጃጅ ቆመ። አዴ ድርቤ ናት፣ ስሜን እየጠራች ነው። ሄድኩ።